ቆሞ የሚረክስ መኪና፦ ስለ ውድ ስፖርት መኪኖች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ላይ መኪና ገዝቶ ሁለት ዓመት ግቢ ውስጥ ሸፍኖ ያቆመ ሰው ሲሸጠው ሊያተርፍበት ይችላል። ትርፉ የመጣው ግን ከመኪናው አይደለም፤ ከውጭ ምንዛሪ እጥረቱ፣ ከቀረጡና ከኤክሳይስ ታክሱ፣ ከብር መዳከም ነው። በዚህ ገበያ ያደገ ዓይን ቨርጂኒያ ወይም ዱባይ ሲደርስ ይሳሳታል። አሥር ዓመት የሆነው፣ ግን ጥቂት ሺህ ማይል ብቻ የሄደ ማክላረን ወይም ፌራሪ ያይና «ይህማ ያልተነካ ነው፣ ገንዘቤን ይይዝልኛል» ይላል። አይይዝለትም። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ እንየው።

«ካልተነዳ ዋጋው አይወርድም»

ማክላረን 12ሲ እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ሲገባ መነሻ ዋጋው 229,000 ዶላር ነበር። በ2014 በ650ኤስ ተተካ። በ2017 ደግሞ ከሁለቱም የሚፈጥነው 720ኤስ መጣ። ስለዚህ 12ሲ በሦስት ዓመት ውስጥ «የድሮው ሞዴል» ሆነ፤ በየቀኑ የተነዳውም፣ ጋራዥ ውስጥ ሽፋኑን ለብሶ የቆመውም እኩል። ዛሬ አብዛኞቹ ከመነሻ ዋጋቸው ግማሹን እንኳ አያወጡም። አዲስ የሚገዛው ባለጸጋ የቅርቡን ሞዴል ይፈልጋል። ያገለገለ የሚገዛው ደግሞ የጥገናውን ወጪ ይፈራል፤ የመኪናው ዋጋ ወደ 100,000 ዶላር ወረደ ማለት መለዋወጫውና የመካኒኩ ሰዓት አብረው ወረዱ ማለት አይደለምና። የ229,000 ዶላር መኪና እስከ መጨረሻው የሚጠገነው በ229,000 ዶላር መኪና ዋጋ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ እናስቀምጠው። አንድ መኪና በአሥር ዓመት ውስጥ 120,000 ዶላር ቢወርድና ባለቤቱ 4,000 ማይል ብቻ ቢነዳው፣ እያንዳንዱ ማይል 30 ዶላር አስወጥቶታል። 30,000 ማይል ነድቶት በዚያ ምክንያት ተጨማሪ 20,000 ዶላር ቢወርድበት ግን ማይሉ አምስት ዶላር አይሞላም። ቆጥቦ ያቆመው ሰው ነው የበለጠ የከሰረው፤ ያውም ደስታውን ሳያገኝ።

«በቁጥር ጥቂት ከሆነ ውሎ አድሮ ቅርስ ይሆናል»

አንዳንዱ ይሆናል። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ግን የተመረተው ብዛት ብቻ አይደለም። ፖርሽ ካሬራ ጂቲን እና መርሴዲስ ኤስኤልአር ማክላረንን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የአንድ ዘመን መኪኖች ናቸው፤ ሁለቱም አሜሪካ ውስጥ ከ400,000 ዶላር በላይ ተሸጠዋል። ካሬራ ጂቲ 1,270፣ ኤስኤልአር ከ2,000 ትንሽ የሚያልፍ ተመርተዋል። ሁለቱም ለዓመታት ከአዲስ ዋጋቸው በታች ሲሸጡ ቆዩ። ከዚያ ካሬራ ጂቲ ተነስቶ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ፤ ኤስኤልአር እዚያው ወደኋላ ቀረ። ካሬራ ጂቲ ያለ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሚተነፍስ ባለ አሥር ሲሊንደር ቪ10 ሞተር እና ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ አለው፤ ያን ጥምረት ዛሬ የሚያመርት ፋብሪካ ማግኘት ጭንቅ ነው። ኤስኤልአር አምስት ማርሽ ያለው አውቶማቲክ ነው። በላምቦርጊኒ ጋያርዶ እና በመጀመሪያው አውዲ አር8 ላይም ያው ነው፦ ማንዋሉ ከአውቶማቲኩ በግልጽ ይበልጣል። ይህ ዕጣ የተጣለው መኪናው ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ነው። አውቶማቲኩን ሃያ ዓመት ሸፍኖ ማቆም ማንዋል አያደርገውም።

ሲገዛ በተጨማሪ ዕቃ ላይ የፈሰሰው ገንዘብም አይመለስም። የካርቦን ፋይበር ጌጥ፣ ልዩ የወንበር ስፌት፣ ውድ ቸርኬ፤ ሁለተኛው ገዢ ከእነዚህ ለአብዛኞቹ ሳንቲም አይጨምርም።

«ያልሠራ ዕቃ አያልቅም»

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ብረት ሲቆም ብዙ አይጎዳም። ጎማ፣ ጎሚኒ፣ ማጣበቂያ፣ ፕላስቲክና ፈሳሽ ግን የሚያረጁት በማይል ሳይሆን በጊዜ ነው።

ፌራሪ 355ን ውሰዱ። የታይሚንግ ቺንጋው፣ ማለትም የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያናብበው ቀበቶ፣ የጎማ ውጤት ስለሆነ ተነዳም አልተነዳም በየሦስት ዓመቱ ገደማ መቀየር አለበት። ለመቀየር ደግሞ ሞተሩ ከነተሸካሚው ብረት ከሥር መውረድ አለበት። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ተጋጭተው ሞተሩ ያልቃል። 360 ላይ ሞተሩን ሳያወርዱ ከወንበሩ ጀርባ ባለው ክዳን በኩል ይደረስበታል፤ ከኤፍ430 ጀምሮ ደግሞ የቪ8ቱ ቺንጋ በሰንሰለት ተተክቷል። ስለዚህ «9,000 ማይል ብቻ» ተብሎ የቀረበ 355 ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት የመጨረሻው ቺንጋ የተቀየረበትን ቀን ነው። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ከዋጋው ቀንሱ።

የጎማውን ጎን አንብቡ። ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ፤ 2314 ማለት በ2014 በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። አኃዞቹ ከውጭ ካልታዩ በውስጠኛው ጎን ናቸው፤ በእጅ ባትሪ ተጎንብሳችሁ ፈልጉ። ሚሽላን ጎማ ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ከተመረተ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳ እንዲወገድ ይመክራል። ጥርሱ ያልተነካ የ12 ዓመት ጎማ በ500 የፈረስ ጉልበት ሥር አደገኛ ነው፤ ደርቆ መንገድ አይይዝም።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ መስፈርቱ ወደ 155 ይወርዳል። ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

ከዚያ የሚያጣብቀው ቁልፍ አለ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በነበሩ ብዙ ፌራሪዎች ላይ የመስኮትና የኤሲ ቁልፎች ለስላሳ ቅብ አላቸው። ቅቡ በጊዜና በሙቀት ይቀልጣል፤ ስትጫኑት ጣታችሁ ላይ እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ነገር ይቀራል፣ የጥፍር ምልክት ይያዝበታል። በአልኮል ሊጠረግ ይችላል፤ ነገር ግን ምልክቶቹና ጽሑፎቹ አብረው ሊጠፉ ስለሚችሉ አውጥቶ ለሚያድስ ባለሙያ መላክ ይሻላል።

«በሳምንት አንዴ አስነስቶ አምስት ደቂቃ ማቆየት ይበቃል»

እንዲያውም ይጎዳል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ሞተሩ ሳይግል ከጠፋ ያ ውኃ ማርሚታው ውስጥ ይቀራል፣ ከፊሉም ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ካስነሳችሁት ነድታችሁት ውጡ፤ የራዲያተሩ ውኃ ብቻ ሳይሆን የሞተር ዘይቱም በደንብ እስኪግል ድረስ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። ካልሆነ ጭራሽ አታስነሱት።

ለወራት የሚቆም ከሆነ፦ ከመቆሙ በፊት ዘይቱን ቀይሩ፤ የቆሸሸው ውስጥ አሲድ አለ። ታንኩን ሙሉ፤ የአሜሪካ ቤንዚን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ስለሚይዝና ኢታኖል ውኃ ስለሚስብ ስታቢላይዘር (ቤንዚኑ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጨመር ፈሳሽ) ጨምሩበትና ጥቂት ንዱት። ባትሪው ላይ ዘወትር የሚሰካ ቻርጀር አድርጉ፤ ከ12.4 ቮልት በታች ሲቆይ ውስጡ ይበላሻል። የብዙ ፖርሽ 911 ባትሪ ከፊት ኮፋኖ ሥር ነው፣ ኮፋኖው ደግሞ በኤሌክትሪክ ይከፈታል። ባትሪው ሲሞት ባለቤቱ ደጅ ይቀራል፤ በሾፌሩ እግር አጠገብ ካለው የፊውዝ ሳጥን ቀዩን መሰኪያ ስቦ ከሌላ ባትሪ ኃይል ካልሰጠ አይከፍተውም።

«ከዱባይ በርካሽ አንስቼ አሜሪካ ወይም አዲስ አበባ አተርፍበታለሁ»

ለአሜሪካ የደህንነት ደረጃ ያልተሠራ መኪና 25 ዓመት ካልሞላው በተለመደው መንገድ አይገባም። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ርካሽነቱ ለዚያው ገበያ ነው።

«ከሁለቱ ማይሉ ዝቅ ያለውን ግዛ»

በየዓመቱ ሰርቪስ የተደረገለት የ30,000 ማይል መኪና፣ ስድስት ዓመት ሳይነካ ከቆመው የ6,000 ማይል መኪና ብዙ ጊዜ ይሻላል። የቆመውን የገዛ ሰው ጎማ፣ ባትሪ፣ ፈሳሾችና ቺንጋ በአንድ ጊዜ ይከፍላል። መንዳት ሲጀምር ደግሞ በዝቅተኛው ማይል ምክንያት የከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ከእያንዳንዱ ጉዞ ጋር ይቀንሳል።

ፖርሽ ስትገዙ ከሞተሩ ኮምፒውተር የሚወጣውን ሪፖርት አስነብቡ። ሞተሩ ከተፈቀደለት ዙር በላይ የጮኸባቸውን ጊዜያትና የሠራበትን ጠቅላላ ሰዓት ያሳያል። ማይሉን ለሰዓቱ አካፍሉት፦ 12,000 ማይል በ400 ሰዓት አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ማይል ነው፣ ጤነኛ ነው። 6,000 ማይል በ600 ሰዓት ከሆነ ግን አማካዩ 10 ማይል ነው። ያ ሞተር ወይ ቆሞ ብዙ ሰዓት ሠርቷል፣ ወይ የማይል ቆጣሪው ተነክቷል፤ ሻጩ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በደረሰኝ ያስረዳችሁ።