ያገለገለ ትንሽ ሎደር ልትገዙ ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ትልቅ ኩባንያ አንድ ማሽን ሲበላሽበት ሌላ ያሰማራል። ትንሽ ድርጅት ግን ያለው ሎደር አንድ ነው። እሱ ከቆመ ሥራውም ቆመ። ገዢዎች እርስ በርስ የሚነጋገሯቸውን አንዳንድ አባባሎች አንድ በአንድ ማየት የፈለግኩት ለዚህ ነው።

በአብዛኛው የማወራው ስኪድ ስቲር ስለሚባለው ሎደር ነው። ጎማዎቹ እንደ መኪና አይታጠፉም። የግራና የቀኙ ለየብቻ ስለሚነዱ ማሽኑ መሬቱን እየፋቀ ባለበት ይዞራል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ኬለር የሚባሉ ወንድማማቾች ተርኪ የሚባለውን ትልቅ የዶሮ ዘመድ ለሚያረባ አንድ ገበሬ ጠባብ በረት የሚጠርግ ትንሽ ሎደር ሠሩለት። በጠባብ ቦታ እንዲህ መዞሩ እስካሁን ዋናው ጥቅሙ ነው። ጎማውንና የጎማ መንጃውን የሚበላውም ይኸው እየፋቁ መዞር ነው።

«ሰዓቱ ትንሽ ከሆነ ማሽኑ ገና ነው»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰዓት ቆጣሪው ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ እንጂ ምን ሲሠራ እንደነበር አይናገርም። ሁለት ሺህ ሰዓት ኮንክሪት ሲያፈርስ የኖረ ማሽን፣ አምስት ሺህ ሰዓት መጋዘን ውስጥ ገለባ ካመላለሰው የባሰ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ቆጣሪው ራሱ ተበላሽቶ የተቀየረበት ጊዜም አለ። ሆን ተብሎ የተቀየረበትም አለ።

ስለዚህ ቁጥሩን ከአካሉ ጋር አመሳክሩ። ሰዓቱ 900 ይላል እንበል። ወንበሩ ተቀዳዷል፣ የመንጃ እጀታው አልቆ አብረቅርቋል፣ የእግር መርገጫው ተልጧል። ይህ አይገጥምም። ከዚያ አፈር የሚዝቀውን ባኬት መሬት ላይ አሳርፉና አንድ ሰው ባኬቱን የሚያነሳውን ክንድ በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ያድርግ። እናንተ ከራቅ ብላችሁ ፒኖቹን (ክንዱ የሚታጠፍባቸውን ብረቶች) እና ቡሾቹን (ፒኖቹ የሚገቡባቸውን ቀለበቶች) ተመልከቱ። ክንዱ ከመነሳቱ በፊት ፒኑ በቀዳዳው ውስጥ የሚላወስ ከሆነ ተበልቷል ማለት ነው። ፒንና ቡሽ መቀየር ይቻላል። ቀዳዳው ራሱ ሞላላ ከሆነ ግን ሥራው ብየዳና ቶርኖ ይጠይቃል።

በተቃራኒው ለዓመታት ቆሞ የኖረ ማሽንም «ብዙ አልሠራም» ተብሎ ይሸጣል። መቆም ማሽንን አያሳርፈውም። ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙት የላስቲክ ሲሎች ይደርቃሉ፣ ነዳጁ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ክንዱን የሚገፋው የሲሊንደር ዘንግ ይዝጋል። የዛገ ዘንግ ደግሞ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሲሉን ይሞርደዋል። እኔ ብሆን የሰርቪስ መዝገብ ያለውን ባለ ብዙ ሰዓት ማሽን፣ መዝገብ ከሌለው ባለ ጥቂት ሰዓት አስበልጣለሁ።

«ሞተሩ ከተነሳ ሌላው ቀላል ነው»

ሞተሩ ጤነኛ መሆኑ ጥሩ ነው። ግን ስኪድ ስቲርን የሚያስኬደውም፣ ክንዱን የሚያነሳውም ሀይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚሠራው ክፍል ነው። ኪስ የሚያራቁተውም እሱ ነው። ፓምፑና ጎማ የሚያዞሩት የሀይድሮሊክ ሞተሮች ካለቁ የጥገናው ወጪ ከግዢው ዋጋ ጋር ሊፎካከር ይችላል።

ስትደርሱ መጀመሪያ ሞተሩን ዳብሱት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶታል። ሌላ ቀን ሳይነሳ እንዲቆያችሁ ጠይቁ። ቀዝቅዞ ሲነሳ ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይጠቁማል። ጥቁር ጭስ ብዙ ጊዜ የአየር እጥረት ወይም የነዳጅ አረጫጨት ችግር ነው።

ከዚያ አሠሩት። አምስት ደቂቃ አይበቃም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል አፈር እየገፋ፣ እየጫነ፣ ዳገት እየወጣ ይሥራ። የደከመ ፓምፕ ዘይቱ ቀዝቃዛና ወፍራም እያለ ደህና ይመስላል። ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን ነው ጉልበቱ የሚከዳው። ቀጥ አድርጋችሁ ስትነዱት ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ በዚያ ወገን ያለው መንጃ ደክሞ ይሆናል። ማስተካከያው ብቻ የተዛባበት ጊዜም ስላለ መካኒክ ይይላችሁ። ባኬቱን ሞልታችሁ ከፍ አድርጋችሁ አቁሙት። ክንዱ ራሱን እየቻለ ካልቆየና በዓይን እየታየ ከወረደ ሲሉ ወይም ቫልቩ ያፈሳል።

ሁለት ነገር አደራ። ድጋፍ ካልተደረገለት ክንድ ሥር ማንም አይግባ። የሚያፈስ የሀይድሮሊክ ቱቦንም በእጃችሁ አትፈልጉ። በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ጉዳቱም እጅ እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ካርቶን አስጠግታችሁ እዩ።

«ቀለሙ አዲስ ነው፣ ተጠብቋል»

ቀለም ስንጥቅም ብየዳም ይሸፍናል። የክንዱን መገጣጠሚያና ባኬቱ የሚያያዝበትን ሳህን በባትሪ መብራት መርምሩ። ቱቦው ወይም የማስጠንቀቂያ ጽሑፉ ላይ ጭምር ቀለም ተቀብቶ ካያችሁ ለሽያጭ በጥድፊያ የተቀባ ነው።

«ትልቁ ይሻላል»

በማሽኑ ላይ የሚጻፈው የመጫን አቅም ማሽኑን ወደ ፊት ከሚገለብጠው ክብደት ላይ የሚሰላ ነው። በተለመደው አሠራር ባለ ጎማው የመገልበጫውን 50 በመቶ ይወስዳል። በጎማ ፋንታ የላስቲክ ሰንሰለት ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በ35 በመቶ ነው። ሁለቱም በ1,400 ኪሎ የሚገለበጡ ቢሆኑ አንዱ 700፣ ሌላው 490 ኪሎ ይጻፍበታል። ስለዚህ ባለ ጎማና ባለ ሰንሰለት ስታወዳድሩ መቶኛውን ጠይቁ።

አሁን ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር ወደ 1.8 ቶን ሊመዝን ይችላል። 0.4 ሜትር ኩብ የሚይዝ ባኬት ሲሞላ 720 ኪሎ ነው። ባለ 700 ኪሎው ሎደር ከአቅሙ በላይ ጭኗል ማለት ነው። ሥራችሁ ገለባ ወይም ሰጋቱራ ከሆነ ግን ያው ማሽን ይተርፋችኋል። ትልቁን ከገዛችሁ በበሩ ይገባል? ተጎታቹስ ይችለዋል?

የክንዱንም አነሳስ እዩ። አንዳንዱ በቅስት ይነሳል፤ መሃል ከፍታ ላይ ራቅ ብሎ ስለሚደርስ ለመቆፈርና ለመደልደል ይመቻል። ሌላው ወደ ቀጥታ ተጠግቶ ይነሳል፤ መኪና ላይ ለሚጭን ሰው የሚሻለው ይህ ነው።

«ሰንሰለት ያለው ሁልጊዜ ይበልጣል»

ጭቃና ለስላሳ መሬት ላይ አዎ። አስፋልትና ኮንክሪት ላይ ግን ላስቲኩ ቶሎ ያልቃል፣ ዋጋውም ከጎማ በጣም ይወደዳል። ጠንካራ መሬት ላይ የምትውሉ ከሆነ ጎማ ያዋጣል።

«ማንኛውም ተቀጥላ ይገጥማል»

ብዙ ስኪድ ስቲሮች አንድ ዓይነት ማያያዣ ስላላቸው ባኬትና ሹካ መለዋወጥ ይቻላል። ሁሉም ግን አይደሉም፤ በተለይ ትንንሾቹ የራሳቸው ማያያዣ አላቸው። በዚያ ላይ መግጠምና መሥራት ይለያያሉ። አስፋልት መፋቂያ ወይም ቁጥቋጦ መፍጫ በደቂቃ ከ110 ሊትር በላይ ዘይት ሊፈልግ ይችላል። ተራው ሎደር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከ60 እስከ 90 ሊትር ነው። ልትገጥሙት ያሰባችሁትን ዕቃ ፍላጎት ከመግዛታችሁ በፊት እወቁ።

«ርካሽ ካገኘሁ ከኪራይ ይሻለኛል»

ርካሹ ማሽን መለዋወጫ ከሌለው ውድ ነው። ፊልትሮ፣ ሲልና የፓምፕ ክፍል ከየት እንደሚመጣና ስንት ቀን እንደሚፈጅ ገንዘቡን ሳትከፍሉ አጣሩ። ሻሲው ላይ የተመታው ቁጥር ከሰነዱ ጋር አንድ መሆኑንና ማሽኑ በዕዳ አለመያዙንም እንዲሁ።

ሒሳቡን ደግሞ በሰዓት አስሉት። ከግዢው ዋጋ በመጨረሻ የምትሸጡበትን ቀንሱ። ጥገና፣ ነዳጅ፣ ማጓጓዣና የኦፕሬተር ክፍያ ጨምሩ። ድምሩን በእውነት ለምታሠሩት ሰዓት አካፍሉና ከኪራዩ ጋር አወዳድሩ። በወር አራት ቀን ብቻ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ኪራዩ ያዋጣዋል። በየቀኑ የሚፈልግ ሰው ይግዛ።

ስንት ሰዓት እንደምታሠሩት እርግጠኛ ካልሆናችሁ ተመሳሳዩን ሞዴል ለሁለት ሳምንት ተከራዩ። ጠዋት ስትጀምሩና ማታ ስታቆሙ ሰዓት ቆጣሪውን አንብባችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ያን ደብተር ይዛችሁ ሻጩ ዘንድ ሂዱ።