የፀረ ስርቆት ታግ ማጥፊያ ምንድን ነው? ካሸሩ ፊት ስለሚገጠመው መሣሪያ

በትልልቅ ሱፐርማርኬቶችና የልብስ መደብሮች በር ላይ ግራና ቀኝ የሚቆሙትን ምሰሶዎች ብዙ ሰው ያውቃቸዋል። ያልተከፈለበት ዕቃ በመካከላቸው ሲያልፍ ይጮኻሉ። እነዚህ ምሰሶዎች ግን የሥራው ግማሽ ናቸው። ሌላው ግማሽ ካሸሩ ፊት ባንኮኒው ላይ፣ አንዳንዴም ከባንኮኒው ገጽ ሥር ተደብቆ ይገኛል። ምሰሶው የከፈለንና ያልከፈለን መለየት አይችልም፤ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ታጉ፣ ማለትም ዕቃው ላይ የተለጠፈው ወይም የታሰረው የጥበቃ ምልክት፣ ሕያው መሆኑን ብቻ ነው። ሲከፈል ታጉን አግኝቶ የሚያጠፋው ወይም ከዕቃው የሚፈታው የባንኮኒው መሣሪያ ነው። እሱ በደንብ ካልተገጠመ ደወሉ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ደረሰኙን ይዞ በሚወጣ ሰው ላይ ይጮኻል።

ዘዴው የተጀመረው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 አርተር ሚናሲ ኖጎ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ በዚያው አሥርት ዓመት በኦሃዮ ግዛት አክረን ከተማ የሱፐርማርኬት ሥራ አስኪያጅ የነበረው ሮናልድ አሳፍ ሴንሶርማቲክን መሠረተ። ደንበኛው መደርደሪያው ድረስ ገብቶ ዕቃውን በገዛ እጁ የሚያነሣበት ንግድ ሲስፋፋ፣ ሻጩ ዕቃውን በዓይኑ መጠበቅ አቅቶት ነበር። በእኛም ከተሞች ዕቃው ሁሉ ከባለሱቁ ጀርባ ከሚደረደርበት ሱቅ ወደ ሱፐርማርኬት የተሸጋገረ ነጋዴ ያው ጥያቄ ይገጥመዋል።

ዛሬ በመደብሮች በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት ዓይነት ተለጣፊ ታጎች አሉ። አንደኛው በራዲዮ ሞገድ የሚሠራው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ8.2 ሜጋኸርዝ። ወረቀት የመሰለ ካሬ ተለጣፊ ሲሆን፣ ወደ ብርሃን አቅንተው ቢያዩት ውስጡ የተጠማዘዘ ስስ የአሉሚኒየም መስመር ይታያል። ያ መስመርና አብሮት ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ክፍል) ተደምረው ከምሰሶው ለሚመጣው ሞገድ ምላሽ ይሰጣሉ። የባንኮኒው ማጥፊያ ከምሰሶው የበረታ ሞገድ ሲለቅበት፣ ሆን ተብሎ ስስ ተደርጎ የተሠራው የካፓሲተሩ ክፍል ይበሳል፤ ታጉም ከዚያ በኋላ ምላሽ አይሰጥም።

ሁለተኛው በ58 ኪሎኸርዝ የሚሠራው የድምፅና ማግኔት ታግ ነው። ጠበብ ያለ፣ ትንሽ ወፈር ያለ የፕላስቲክ ተለጣፊ ነው፤ ውስጡ እጅግ ስስ የብረት ቅጠል አለ፣ አጠገቡም ደካማ ማግኔት የሆነ ሌላ ቅጠል። ምሰሶው ሞገዱን የሚለቀው ቶሎ ቶሎ እየቆራረጠ ነው። ሞገዱ ሲደርስ ስሱ ቅጠል ይርገበገባል፤ የተመታ የክራር ጅማት ጣት ከተነሣለት በኋላ እንደሚያስተጋባ ሁሉ፣ ሞገዱ ከቆመ በኋላም ለአፍታ መርገብገቡን ይቀጥላል። ተቀባዩ የሚያዳምጠው በዚያች የዝምታ አፍታ ስለሆነ የሌሎች ኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጩኸት ብዙም አያሳስተውም። የዚህ ማጥፊያ የሚሠራው የደካማውን ቅጠል ማግኔትነት በማስወገድ ነው፤ ያኔ ስሱ ቅጠል በ58 ኪሎኸርዝ መርገብገቡን ይተዋል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጠንካራ ማግኔት ቢነካው ቅጠሉ እንደገና ማግኔት ሊሆን፣ ታጉም ሊነቃ መቻሉ ነው።

ልብስና ጫማ ላይ የሚታሰረው ጠንካራ የፕላስቲክ ታግ ደግሞ አይጠፋም፣ ይፈታል። በጨርቁ ውስጥ የሚያልፈውን ሚስማር ታጉ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ኳሶች ጨብጠው ይይዙታል፤ ባንኮኒው ላይ ያለው ጠንካራ ማግኔት ኳሶቹን ሲስባቸው ሚስማሩ ይለቃል። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በስጦታ የመጣ ልብስ ላይ ይህ ታግ ሳይፈታ ቀርቶ አይተው ይሆናል። ካሸሩ ዘንግቶት ነው እንጂ ላኪው ሰርቆ ነው ማለት አይደለም። በጉልበት መጎተት ጨርቁን ይቀድዳል፤ አንዳንዶቹ ታጎች ደግሞ ቀለም ስላላቸው ልብሱን ለዘለቄታው ያበላሻሉ። ከደረሰኙ ጋር ወደ ተገዛበት መደብር መመለስ ወይም ተመሳሳይ ታግ የሚጠቀም መደብር ሄዶ ደረሰኝ አሳይቶ ማስፈታት ይሻላል።

ወደ መግጠሙ ስንመጣ፣ ገና ሳይገዛ የሚወሰነው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ምሰሶው፣ ታጉና የባንኮኒው ማጥፊያ ሦስቱም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። የ58 ኪሎኸርዝ ምሰሶ የ8.2 ሜጋኸርዝ ታግን ጨርሶ አያየውም። ምሰሶውን ከአንድ አስመጪ፣ ታጉን ዋጋው ስለረከሰ ከሌላ የሚገዛ ነጋዴ የማይናገር በር ይዞ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ታግ አስለጥፎ በምሰሶው መካከል ማሳለፍ፣ በማጥፊያው ላይ አድርጎ እንደገና ማሳለፍ መብትም ግዴታም ነው።

ቀጥሎ ባንኮኒው ራሱ ይታያል። ገጹ ብረት ከሆነ ማጥፊያውን ከሥሩ ማስቀመጥ ከንቱ ነው፤ ብረት ሞገዱን ይውጠዋል ወይም መንገዱን ያስተዋል። እንጨት፣ ፕላስቲክና ድንጋይ ያሳልፋሉ። በብረት ባንኮኒ ላይ መሣሪያው ከላይ ይቀመጣል፣ ወይም ገጹ ተቆርጦ ቦታው በፕላስቲክ ይሸፈናል። ባለሙያ ሲገጥም የማየው ትልቁ ስሕተት ግን ሌላ ነው፤ ማጥፊያውን ቦታ በተገኘበት ጥግ ማስቀመጥ። ካሸር በቀን በሺህ የሚቆጠር ዕቃ ያሳልፋል፤ ባርኮዱን አንብቦ ዕቃውን እንደገና ወደ ሌላ ጥግ ወስዶ እንዲያሳልፍ ቢጠበቅበት ሰልፉ ሲረዝም መዝለሉ አይቀርም። ትክክለኛው ቦታ ባርኮድ ማንበቢያው ያለበት ነው፤ አንድ የእጅ እንቅስቃሴ ሁለቱንም እንዲፈጽም። ባርኮዱ ካልተነበበ በቀር ታጉን የማያጠፉ ሞዴሎችም አሉ፤ አቅም ካለ እነሱን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ሳይመዘገብ የሚያልፍ ዕቃ ታጉ ሕያው ሆኖ በር ላይ ይያዛል።

በማጥፊያው ዙሪያ ያለው ቦታ ባዶ ይሁን። ባንኮኒው ላይ ምላጭና ባትሪ መደርደር የተለመደ ነው፤ ታግ ካላቸው ገና ሳይሸጡ ታጋቸው ይጠፋል። የጠንካራ ታግ መፍቻው ማግኔትም ከማጥፊያው ራቅ ይበል፣ የጠፋውን ታግ መልሶ እንዳያነቃ። መፍቻው ከባንኮኒው ጋር በብሎን ይታሰር፤ ከመደብሩ ከወጣ የሚፈታው የመደብሩን ዕቃ ነውና። የታግ ጥቅልም ከበሩ ምሰሶ አጠገብ ባለ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ፤ ማንም ሳያልፍ ደወሉ እንዲጮኽ ያደርጋል።

ኤሌክትሪኩ የራሱ ጣጣ አለው። ማጥፊያው የመሬት ሽቦ ያለው ሶኬት ይፈልጋል፤ ከፍሪዘር ጋር አንድ መስመር ባይጋራ መልካም ነው፣ ሞተሩ ሲነሣ የሚፈጥረው መናወጥ ወደ መሣሪያው ይደርሳል። ጥራት የሌላቸው የኤልኢዲ መብራቶችና ቻርጀሮችም ምሰሶውን ያሳስቱታል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ስታብላይዘር ቅንጦት አይደለም። መብራት ሄዶ ወደ ጀነሬተር ሲዞር፣ ሲመለስም፣ ካሸሩ የመሣሪያው መብራት መብራቱን ማየት ይልመድ፤ ማጥፊያው ጠፍቶ ምሰሶው ከሠራ የሚሸማቀቀው ደንበኛው ነው።

ስለ ጤናም መነገር ያለበት አለ። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት ሰው በምሰሶዎቹ መካከል በተለመደ እርምጃ ቢያልፍ ችግር አይጠበቅም፤ እዚያው መቆም ወይም መደገፍ ግን አይመከርም። እንዲህ ያለ መሣሪያ የተተከለለት ካሸር ደግሞ ከማጥፊያውና ከመፍቻው ማግኔት ጋር ከመሥራቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ደረቱን ወደ እነሱ አያስጠጋ።

ደወሉ ሲጮኽ ምን ይደረግ? የደወል ድምፅ የስርቆት ማስረጃ አይደለም። ከሌላ መደብር የተገዛ ጫማ ውስጥ፣ ፋብሪካው በደበቀው ታግ ምክንያት ሊጮኽ ይችላል፤ ካሸሩ ዘልሎትም ሊሆን ይችላል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የሰው ሰውነትና ንብረት ከመመርመር የተጠበቀ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ጥበቃው «ይቅርታ፣ ታጉ ሳይጠፋ ቀርቶ ይሆናል፤ አብረን እንየው» ብሎ ወደ ባንኮኒው ይመልስ እንጂ፣ በሰው ፊት ቦርሳ አይዘርግፍ። በደረሰኙ መሠረት ዕቃው አንድ በአንድ ማጥፊያው ላይ ሲያልፍ የጮኸው የቱ እንደሆነ ይታወቃል።

መሣሪያው ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ጠዋት ጠዋት፣ በሩ ከመከፈቱ በፊት፣ ሁለት ታጎች ይፈተኑ። አንዱ ሳይጠፋ በምሰሶው መካከል ይለፍ፤ መጮኽ አለበት። ሌላው ዕቃ ላይ ተለጥፎ፣ በፍጥነትና በሁሉም አቅጣጫ ሳይሆን ካሸሩ በሚሠራበት ፍጥነትና አያያዝ ማጥፊያው ላይ ይለፍና ወደ በሩ ይወሰድ፤ ዝም ማለት አለበት። ካልሆነ ገጣሚው እስኪመጣ ድረስ ያ ባንኮኒ ተዘግቶ ደንበኛው በሌላው ይስተናገድ።