50 መሙላት የሚያስደስትበት ስፖርት

እኛ አገር ዕድሜ ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም። የታዳጊ ቡድን ጨዋታ ላይ ፂሙን ላጭቶ የገባ "የ16 ዓመት ልጅ" ያላየ የለም። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ አማተሮች የሚወዳደሩበት የሳይክል ውድድር ግን ተቃራኒው ነው፤ 49 ላይ ያለ ሰው 50 እስኪገባ ቀን ይቆጥራል።

ምድቡ ማስተርስ ይባላል፣ ቬተራን የሚሉትም አሉ። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት፣ ዩሲአይ፣ በሩን የሚከፍተው ከ30 ዓመት ጀምሮ ነው። (30 ዓመት ሽማግሌ ሲባል ሳቅ ይመጣል፣ አውቃለሁ።) በኅብረቱ በተመዘገበ ቡድን ውስጥ የሚጋልብ ሰው ግን ዕድሜው ቢሞላም ማስተርስ መሆን አይችልም። ብሪታንያ ውስጥ የቬተራኖቹ ማኅበራት የሚቀበሉት ከ40 ጀምሮ ነው።

ከዚያ በኋላ ክፍፍሉ አብዛኛውን ጊዜ በ5 በ5 ዓመት ነው። በዩሲአይ የግራን ፎንዶ (አማተሮች በብዛት የሚሳተፉበት ረጅም የጎዳና ውድድር) የዓለም ሻምፒዮና ከ19 እስከ 34 ያሉት አንድ ላይ ይመደባሉ፣ ከዚያ 35–39፣ 40–44 እያለ ይቀጥላል። ለዚያ ለመድረስ በማጣሪያ ውድድር ከራስህ ምድብ የመጀመሪያዎቹ 25 በመቶ ውስጥ መግባት አለብህ። የ60 ዓመቱ አሸናፊም እንደ ወጣቶቹ የዓለም ሻምፒዮን የሚለብሰውን የቀስተ ደመና ማልያ ይለብሳል። በየአገሩ ባሉ ትንንሽ ውድድሮች ሰው ካነሰ፣ በተለይ በሴቶች በኩል፣ ምድቦች ይጣመራሉ፤ ወይም አብረው ይነሱና ውጤታቸው ለየብቻ ይያዛል። ስለዚህ ነፍስህ እስክትወጣ የምታሳድደው ሰውዬ ተፎካካሪህ ላይሆን ይችላል።

5 ዓመት ለምን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? እሁድ ጠዋት ኮርሳህን ይዘህ ከለገሃር ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት ውጣ፣ ይገባሃል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ራሱ ስስ ነው። ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከ30 ዓመት በኋላ ስፖርት በማይሠራ ሰው ላይ በየ10 ዓመቱ ወደ 10 በመቶ ይቀንሳል፣ ልምምድ የማያቋርጥ ሰው ላይ ቅነሳው ዝግ ይላል። ቀድሞ የሚሄደው ደግሞ ድንገት የመፈትለክ ጉልበት ነው። ጋሼ የምትለው ሰውዬ ዳገቱን ሙሉ ከጎማህ ሳይርቅ ይመጣና፣ ጫፍ ላይ ከመቀመጫህ ብድግ ብለህ ስትረግጥ ብቻ ይቀርልሃል።

በምድብ ከመከፋፈል ሌላም ዘዴ አለ። የብሪታንያ ቬተራኖች ብቻቸውን ከሰዓት ጋር ሲወዳደሩ ለየዕድሜውና ለየርቀቱ መለኪያ ሰዓት ተቀምጦላቸዋል፣ ያንን በብዙ ደቂቃ ያሻሻለ ያሸንፋል። የ72 ዓመት ሰው በዚህ መንገድ የ45ቱን ሊበልጥ ይችላል። ለእኔ ከሁሉም ፍትሐዊው ይሄ ነው።

ምድብ ያለቀበት ሰውም ነበር። ፈረንሳዊው ሮበር ማርሻን በ102 ዓመቱ በአንድ ሰዓት 26.927 ኪሎ ሜትር ነዳ። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2017 ደግሞ በ105 ዓመቱ ተመልሶ 22.547 ኪሎ ሜትር ሄደ፣ ለእሱ ሲባልም ከ105 በላይ የሚል አዲስ ምድብ ተከፈተ።

እኛን የሚያጋጨን ግን የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በዩሲአይ ደንብ ዕድሜ ማለት የውድድሩ ዓመት ሲቀነስ የልደት ዓመት ነው፤ ወርና ቀን አይታይም። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ የተወለደ ፈረንጅ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ 50 ነህ ይባላል። የኛ ዓመት ደግሞ በፈረንጆቹ ሁለት ዓመት ላይ ያርፋል። መስቀል አደባባይ አብረውኝ የሚነዱ ሁለት ጓደኛሞች አሉ፣ ሁለቱም የ1969 ልጆች ነን ባዮች፣ አብሮ አደጎች። አንዱ የጥቅምት ነው፣ ፓስፖርቱ ላይ 1976 ይላል። ሌላው የሚያዝያ ስለሆነ 1977። በፈረንጆቹ 2026 የጥቅምቱ 50 ሆኖ የ50–54 ምድብ ትንሹ ልጅ ይሆናል። የሚያዝያው 49 ነውና ከ45–49 ጋር፣ የሁሉም ታላቅ ሆኖ፣ አንድ ዓመት ይለፋል። ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ሲያማርር ቆየና፣ "እናቴ ስድስት ወር ብትፈጥን ምን ነበረበት?" አለ።