የአመድ መጠጠር ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ግቢ ውስጥ ጥግ የተደፋ የምድጃ አመድ እጣቢ ሲነካው ሰንብቶ አካፋ የማይበሳው ድንጋይ ይሆናል። የጎረቤት አመድ ደግሞ በዚያው ውሃ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። ዋናው ልዩነት ያለው በተቃጠለው ነገርና በእሳቱ ኃይል ላይ ነው።

እንጨት፣ በተለይ ቅርፊቱ፣ ካልሲየም የበዛበት አመድ ይሰጣል። እሳቱ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካለፈ ከካልሲየሙ ጋር የተጣመረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቶ ውሃ ያልነካው ኖራ ይቀራል። 56 ኪሎ እንዲህ ያለ ኖራ 18 ኪሎ ውሃ ይጠጣል፤ ያን ጊዜ ይግላል፣ ይነፋል። ከዚያ ለሳምንታት ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መልሶ እየሳበ ድንጋይ ይሆናል። የሐረር ጀጎል ግድግዳ የሚቀባበት ኖራም የሚጠነክረው በዚሁ መንገድ ነው። ሲሚንቶ ግን ሌላ ነው፤ 1,450 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፣ ምድጃ እዚያ አይደርስም።

ለመሞከር ትኩስ ሳይሆን በርዶ በወንፊት የተነፋ፣ ግን ያልከረመ አመድ ይወሰድ። ክፍት ጆንያ ውስጥ ወር የቆየ አመድ የአየሩን እርጥበት ጠጥቶ ሥራውን ጨርሷል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጓንት አድርጎ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ መጨመር፣ ሲጨበጥ ቅርጹን ሲይዝ ማቆም። ከበዛ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የድሬዳዋ ፀሐይ በአንድ ቀን ስለሚያደርቀው ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፤ ያለ እርጥበት ኖራው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አይስብም።

ሳምንታት ሲያልፉ የተጨበጠውን ጓል ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ከሟሟ መጀመሪያውንም አልጠጠረም፣ የደረቀ ጭቃ ነበር፤ ወይም አመዱ ውስጥ ያለው፣ በውሃ የሚሟሟው የፖታሽ ጨው ለጊዜው አጣብቆት ነበር። ጠዋት ጥፍር ካልቧጨረው ግን በእርግጥ ጠጥሯል።

የማሽላ አገዳ አመድ በዚህ ፈተና ብዙ ጊዜ ይወድቃል፤ ያለበት በአብዛኛው ሲሊካ (አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ማዕድን) እና ፖታሽ ነው። ለብቻው ሰነፍ ነው እንጂ ከንቱ አይደለም፤ ሁለት እጅ አመድ ከአንድ እጅ ኖራ ጋር ተደባልቆ ለሳምንታት ከረጠበ ቀስ ብሎ ይጠጥራል። ጥቁር ከሰል የበዛበት ከሆነ ግን መንፋት ብቻ አያድነውም፣ እንደገና ማቃጠል ነው።

የአሉሚኒየም ሳፋ ውስጥ አይበጥበጥ፤ አመዱ ብረቱን እየበላ ሃይድሮጅን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ለመሬት መደልደያና ለግድግዳ ልስን ይሞከር፤ ክብደት ለሚሸከም ምሰሶ ግን ፈጽሞ አይታሰብ።