«በጥቂት ቦታዎች ነጎድጓዳማ ዝናብ» ሲባል

ድሬዳዋ ውስጥ ይህን ትንበያ የሰማ ሰው «ጥቂት» የሚለውን ይይዝና ልብሱን አጥቦ ያሰጣል። ቃሉ ግን የሚናገረው ስለ ዝናቡ ስፋት እንጂ ስለ ጉልበቱ አይደለም። ነፋሱ ደግሞ ይቀድማል፦ ዝናቡ ደረቅ አየር ውስጥ ሲወርድ ከፊሉ ይተናል፤ በዚህ የቀዘቀዘው አየር ከብዶ ቁልቁል ይወርድና መሬት ሲነካ ወደ ጎን ይበተናል። ጠብታ ሳናይ አቧራውን አስነስቶ የላላ ቆርቆሮ የሚያንኳኳው እሱ ነው። (ጎረቤቶቼ «ዝም ብሎ ነፋስ ነው» ይላሉ።)

እኔን የሚያሳስበኝ ደቻቱ ነው። የከተማውን ሰፈሮች ከዚራንና መጋላን የሚለየው ይህ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ጎርፉ የሚመጣው ከደጋው ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ትንበያው የሐረርጌን ደጋ ከጠቀሰ፣ ከተማው ላይ ጨረቃ ብትታይም ከአሸዋው ውጡ።