ቶለራንስ ምንድን ነው? ክፍተት ግን አይደለም
ኮምቦልቻ ካለው ቶርኖ ቤቴ በር ላይ ቡና እየጠጣን አንድ ጎረምሳ በስልኩ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ አሜሪካዊ ከየቦታው የገዛቸውን ክፍሎች በሞረድ እየነካካ ቤቱ ውስጥ ኮልት 1911፣ የድሮውን የአሜሪካ ጦር ሽጉጥ፣ ይገጣጥማል። «አዩ ጋሼ፣ የድሮው የወታደር ሽጉጥ ጭቃ የሚችለው ቶለራንሱ ሰፊ ስለሆነ ነው፤ የዚህ ግን ጠባብ ነው» አለኝ። ቡናው ጎመዘዘኝ። በዚያው ሰሞን ኩሽኔታው ዘንጉ ላይ የሚጫወትበት ባለ ወፍጮም «ቶለራንሱ ሰፋ» ብሎኝ ነበር።

(ሽጉጥ ይዞ ወደ እኔ የሚመጣ እንዳይኖር አስቀድሜ ልናገር። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መሥራት የተከለከለ ነው። እኔ የወፍጮ ሰው ነኝ።)

ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ክፍተት ነው። ክፍተት በሁለት ዕቃዎች መካከል ያለ አየር ነው። ቶለራንስ ደግሞ አንዱ ዕቃ ገና ጓደኛውን ሳያገኝ የንድፍ ሥዕሉ ላይ የሚጻፍለት የልዩነት ወሰን ነው። 30 ሚሊ ሜትር የተባለ ቀዳዳ ከ30.000 እስከ 30.021 ይፈቀድለት፤ ዘንጉ ከ29.987 እስከ 30.000። የዘንጉ ቶለራንስ 13 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ነው፤ ክፍተቱ እንደ ዕድል ከዜሮ እስከ 34 ማይክሮን ይሆናል። አሁን ዘንጉን ከ29.900 እስከ 29.913 አድርጉት። ክፍተቱ ከ87 እስከ 121 ማይክሮን ዘለለ፣ ዘንጉም ልል ሆነ። ቶለራንሱስ? ያው 13!

ደሴ ፒያሳ ላለ ልብስ ሰፊ የ100 ተማሪ ዩኒፎርም እዘዙ። ልጆች ያድጋሉና ሰፋ ያድርገው። በደረትና በጨርቅ መካከል ያለው ክፍተት ነው። መቶውም ሸሚዝ እኩል ሰፊ ከሆነ የልብስ ሰፊው ቶለራንስ ጠባብ ነው፤ አንዱ ጋቢ፣ ሌላው ካልሲ ካከለ ግን ገንዘባችሁን አስመልሱ። የወታደሩ 1911 ዩኒፎርም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኮልት ብቻ ሳይሆን ሬሚንግተን ራንድና ኢታካም ሠርተውታል፤ የአንዱ ክፍል በሌላው ላይ እንዲገጥም ይፈለግ ነበር። ቶለራንሱ ልቅ ቢሆን ይህ ከየት ይመጣል? ልል ያደረገው ታስቦበት የተተወለት ክፍተት ነው።

የቪዲዮው ሽጉጥ የሙሽራ ሱፍ ነው። ልብስ ሰፊው ለማጠፊያ ጨርቅ ትቶ ይቆርጣል፣ ያስለካል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል። ልክክ ይላል፤ ወንድምየው ቢለብሰው ግን ብብቱ ይተረተራል። ሞረዱም እንዲሁ ነው። የሽጉጡ የላይኛው ተንሸራታች ክፍል ከዚያ ከአንድ አካል ጋር ብቻ ተጋብቷል። ክፍተቱ ጠባብ ነው፤ ቶለራንስ ግን ከነጭራሹ አልተጠየቀም፣ ምክንያቱም የሚለካው በሥዕል ሳይሆን በጓደኛው ነው። እጅ ጥበቡን አደንቃለሁ፤ ቃሉን ብቻ ይመልስልኝ።

ሱፍ ሲታጠብ እንደሚሸበሸብ ብረትም የራሱ ጠባይ አለው። ክሮም ቅብ በየጎኑ 10 ማይክሮን ከወፈረ ዘንጉ በ20 ይወፍራል፤ ያ የተደሰታችሁበት ክፍተት ተበላ ማለት ነው። ሙቀቱማ አይነሳ። የመለኪያ ልኮች የሚታሰቡት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከሐረጎ ቁልቁል ኮምቦልቻ የሚጠብቃችሁን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ የቶርኖው ሙቀት ግን ከዚያም ይብሳል። ባለ 30 ሚሊ ሜትር የብረት ዘንግ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 14 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል፤ ከተፈቀደለት 13 ይበልጣል።

የባለ ወፍጮውን ዘንግ ባየሁት ጊዜ የቀድሞው ሠራተኛ ትኩሱን ለክቶ ያስረከበው መሰለኝ፤ ሲቀዘቅዝ ኮስሶ፣ ኩሽኔታው እየተንሸራተተ ብረቱን እንደ መስታወት አብርቶታል። በአዲስ ዘንግ ቀየርኩለት። ከመለካቴ በፊት ጠረጴዛው ላይ አድሮ ይቀዝቅዝ ስለው ባለ ወፍጮው ተቆጣ፤ እህል ይዘው የተሰለፉ ሰዎች እየጠበቁት ነበር።