የሮቶ መደብ ምንድን ነው? ተዳፋት ግቢ ላይስ እንዴት ይሠራል?

መደብ የሚባለው ሮቶው ከነሙሉ ውኃው የሚያርፍበት ወለል ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውኃው ብቻ 2 ቶን ነው። ይህን ሁሉ ክብደት የሚሸከም መደብ መስመጥ የለበትም፣ በየትኛውም አቅጣጫ ማዘንበል የለበትም፣ የሮቶው ሥር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሊያርፍበት ይገባል። ጠርዙ ትንሽ እንኳ ከመደቡ ካለፈ፣ ወይም ከሥሩ አንዲት ጠጠር ከቀረች፣ ፕላስቲኩ እዚያው ቦታ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንኮበርና ደብረ ሲና አካባቢ ሜዳ ግቢ ማግኘት ከባድ ነው። ተዳፋት ላይ በብዛት የሚሠራው ስህተት ከላይ በኩል የተቆፈረውን አፈር ወደ ታች ገፍቶ መደልደል ነው። ለዓይን የተስተካከለ ይመስላል። ነገር ግን ግማሹ መደብ ያልተነካ መሬት ላይ፣ ግማሹ ሙሌት ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ክረምት ሲገባ ሙሌቱ ይሰምጣል፤ ኮንክሪቱም ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ይሰነጠቃል። ተዳፋት የሚስተካከለው በመቁረጥ ነው። ቁፋሮው ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚጠልቅ ከሆነ ብቻ በታችኛው በኩል መሠረቱ ጠንካራ መሬት የያዘ የድንጋይ ግንብ ይሠራና ውስጡ በገረጋንቲ (ለሙሌት በሚውል ጠጠራማ አፈር) ይሞላል። ገረጋንቲው በ15 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እየረጠበ ይጠቀጠቃል፤ በአንድ ጊዜ ተሞልቶ ከላይ ብቻ ቢመታ ታችኛው ልል ሆኖ ይቀራል።

ልኩን በዓይን መገመት አያዋጣም። አራት ካስማ ተክለው፣ 10 ሜትር ያህል ግልጽ ቱቦ ውኃ ሞልተው፣ ጫፎቹን ሁለት ካስማ ላይ ይያዙ። የውኃው አፍ ሁለቱም ጋ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል፤ እዚያው ምልክት አድርገው ሲባጎ ይወጥሩ። ከመለካት በፊት ቱቦው ከዳር እስከ ዳር መታየት አለበት፦ መሐል ላይ ትንሽ የአየር አረፋ ካለች ልኩ ይሳሳታል።

መደቡ 1.8 በ1.8 ሜትር ይሁን፤ መሬቱም በየሜትሩ 8 ሴንቲ ሜትር ይውረድ እንበል። ከላይ እስከ ታች ልዩነቱ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በታች በኩል 20 ሴንቲ ሜትር ሲቆፈር በላይ በኩል 34 ይሆናል። ከዚያ 15 ሴንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ፣ በላዩ 12 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት። ለዚህ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ተደርጎ ሲቦካ 3 ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ (የኮንክሪት ብረት) ወደ ሁለቱም አቅጣጫ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ይታሰራል፤ ባለ 12 ሜትር ሦስት ፌሮ በቂ ነው። ፌሮው በድንጋይ ፍንካች ከመሬት 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ መሬት ላይ ተኝቶ ኮንክሪት ከፈሰሰበት ጥቅም የለውም። ላዩ በሊሾ ይለሰልስ።

እነዋሪና በአጠቃላይ ሞረትና ጅሩ ላይ ግን መሬቱ መረሬ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ነው። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የተሠራበትን ሁሉ ያነሳል፣ ይጥላል። እዚያ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ተቆፍሮ ወጥቶ በገረጋንቲ መተካት አለበት። እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ ኪሳራ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚወርደው ውርጭ ሌላ ጣጣ አለው። ያልደረቀ ኮንክሪት ውስጥ ያለ ውኃ በረዶ ሲሆን ይለጠጣል፣ ላዩንም ያረግፈዋል። ማታ ማታ በላስቲክና በጭድ ይሸፈን፤ ቀን ደግሞ ለ7 ቀን ውኃ ይጠጣ። ሮቶው እስከ አፉ የሚሞላው ከ28 ቀን በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ግማሹን ሞልቶ መደቡ እንዳላዘነበለ በውኃ ልክ (በግንበኛ የደረጃ መለኪያ) ማየት ጥሩ ነው።

በምሳሌያችን መደቡ በላይ በኩል ከመሬቱ 7 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ስለሚል ጎርፉ ወደ እሱ ይመጣል። ስለዚህ በላይ በኩል ቦይ ተቆፍሮ ውኃው በጎን ይለፍ። የሮቶው የትርፍ ውኃ ቱቦም ከመደቡ ራቅ ብሎ ይፍሰስ፤ ሥሩ ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ የጠነከረውን መሬት ቀስ በቀስ ያላላዋል። መውጫው ላይ ደግሞ ከብረት ቧንቧው በፊት አጭር ተጣጣፊ ቱቦ ይግባ፦ ሮቶ ሲሞላ ጎኑ ትንሽ ይነፋል፣ ግትር ቧንቧ ከተያያዘበት መገጣጠሚያው ይላቀቃል።